የወይብ ውሃ ሲደፈርስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

አንዳንድ ወላጆች «ኡስታዝ፣ ልጆቹ ባሌ ሄደን ዋሻ እንይ ይላሉ። ለዋሻ ብሎ መንገድ መውጣት ይፈቀዳል ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። አላህ በምድር ላይ ተጉዘን ፍጥረቱን እንድናስተውል በቁርኣኑ አዞናል። ዋሻ ደግሞ ለኛ ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያው ወሕይ የወረደው በሒራእ ዋሻ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሂጅራቸው ከአቡበክር (ረ.ዐ.) ጋር ሦስት ሌሊት የተጠለሉትም በሠውር ዋሻ ነው። በየጁምዓው የምንቀራው ሱረቱል ከህፍስ ስሙን ከየት አገኘ?

ሶፍ ዑመር ከሮቤ ከተማ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ፣ በረጅም ዘመን እየሟሟ ያበጀው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አሳሾች የለኩት ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። ውስጡ ያሉትን ዓምዶች ያየ ሰው ግንበኛ የጠረባቸው ይመስለዋል። ሱብሃነላህ!

ሸኽ ሶፍ ዑመር ከደረሶቻቸው ጋር በዚያ ይኖሩ እንደነበር ይነገራል። ስለ ዚያራው ዑለማዎች የሚሉትን ታውቃላችሁ፤ ለሟች ዱዓ እናደርጋለን እንጂ ከሟች አንለምንም። ሆኖም በዚሁ ሰበብ ዋሻውን ራሱን የሚጠላ ወንድም አጋጥሞኛል። ድንጋዩ ምን አጠፋ?

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር 14 የመድረሳ ልጆች ይዤ ሄድኩ። የአካባቢው አዛውንት መሪያችን ነበሩ። ኮሌጅ ጂኦግራፊ ተምሬያለሁና በየዓምዱ ሥር እየቆምኩ ስለ ኖራ ድንጋይ አስተማርኩ። ወንዙን ሦስት ጊዜ ተሻገርን። አራተኛው ላይ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ውሃውን በመዳፋቸው ዘገኑና በባትሪው ብርሃን አዩት።

«ኡስታዝ፣ ውሃው ደፍርሷል። ላይ ተራራው ዘንቧል፤ እንመለስ» አሉኝ።

ስንገባ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹም ማዶውን ለማየት ቋምጠዋል። «አባቴ፣ በአላህ ተወክለን እንሻገር» አልኩ። ጥምጣሜን አክብረው ዝም አሉ። ግመሉን ሳያስር ልወከል ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን እንዳሉት ለነዚያው ልጆች ስንቴ አስተምሬ ነበር!

የ12 ዓመት ልጅ ቀድሞ ገባ። ጉልበት ይደርስ የነበረው ውሃ ወገቡን ያዘው፤ ባትሪው ከእጁ ወደቀ፤ እግሩም ከዳው። አዛውንቱ ዘለው ገብተው በሸሚዙ ኮሌታ ባይዙት ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ባላደረግኩም ነበር። ወደ ኋላ ተመልሰን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጣን። ትንሽ ቆይቶ ቆመንበት የነበረው ድንጋይ ከውሃው በታች ሆነ።

ውዱእ ያደረግነው በዚያው ድፍርስ ውሃ ነው፤ አፈር ቢቀላቀለውም ውሃ ውሃ ነው። ዙሑርን ሁለት ረከዓ አሰግጄ ሳሰላምት፣ አዛውንቱ የአገሩ ነዋሪ ናቸውና ተነስተው አራት ሞሉ። ከኋላቸው ተቀምጬ ስመለከታቸው ከልብሳቸው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

መሄድ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ሂዱ። ግን በደረቁ ወራት ይሁን። የልጆቻችን ረጅሙ እረፍት በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ወንዙ ይሞላል። ከላይ የዘነበው ዝናብ ዋሻው ደጅ ላይ ላይታይ ይችላልና የአገሩን ሰው ጠይቁ። ለየልጁ ባትሪ ያዙ። መሪው «ተመለሱ» ካለ፣ ሸኽም ሁኑ ኡስታዝ፣ ተመለሱ። የሰው ልጅ ይዞ መጓዝ አማና ነው።

ስንመለስ የልጁ አባት ቤት ሄጄ የሆነውን ሳልሸሽግ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ለአዛውንቱ ምን ሰጣችኋቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የተስማማንበትን የመሪነት ዋጋ ብቻ ነበር የሰጠናቸው። በሳምንቱ ሁለታችን አብረን ወደ ባሌ ተሳፈርን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።