የልጆቻችን አረማመድ ሲለካ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በእናቶች ቡድን የቀረበ ንግግር)



እኛ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች የምናሳድግ እናቶች ነን። ልጆቻችንን አዝለን ወደ ፊዚዮቴራፒ ስንመላለስ ዘወትር የምንጠይቀው «ለውጥ አለው ወይ?» እያልን ነው። ባለሙያዋ በዓይኗ አይታ፣ በእጇ ዳስሳ ትነግረናለች። ሙያዋን እናከብራለን። ነገር ግን ልጁ ሲራመድ ጉልበቱ ካለፈው ቀጠሮ ምን ያህል እንደተዘረጋ ዓይን ብቻውን አይለካም። የእግር ድጋፍ ይሠራለት ወይስ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ለሚለው ውሳኔ ደግሞ ልኬቱ ብዙ ይጠቅማል።

እንዲህ ያለው ልኬት የሚወሰደው በእንቅስቃሴ ላቦራቶሪ ነው። በልጁ ሰውነት ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ፤ ዙሪያውን የተተከሉ ካሜራዎች ይከታተሏቸዋል፤ ወለሉ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ልጁ መሬቱን የሚጫንበትን ኃይል ይመዘግባል። ወጪው ከባድ ነው።

አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሥራ ወደ ስልክ እያመጣው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል የተቀረጹ 1,026 ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ታካሚዎች ቪዲዮ ተጠቅሟል። ኮምፒውተሩ በተራ ቪዲዮ ላይ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ለይቶ፣ ላቦራቶሪው ከለካው ጋር እያስተያየ ተማረ። ከዚያም የእርምጃን ፍጥነትና የጉልበትን መታጠፍ ከቪዲዮ ብቻ መገመት ቻለ።

በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦፕንካፕ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ሁለት ስልኮች ይበቁታል፤ ወጪው ከላቦራቶሪው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት 405 ሰዎች በየቤታቸው ከወንበር አምስት ጊዜ ሲነሡና ሲቀመጡ በስልክ ተቀረጹ። ሲነሡ ወደፊት የሚያዘነብሉበት መጠን ከጉልበትና ከዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጋር ተያይዞ ተገኘ።

እህቶቻችን፣ ማሽኑ የሚያውቀው ያሳዩትን ነው። ኦፕንካፕ በመጀመሪያ ከላቦራቶሪ ጋር የተመሳከረው በ10 ጤነኛ ሰዎች ነበር። የእኛ ልጆች የሚራመዱት በኮብልስቶንና በጭቃ ላይ ነው፤ የሚነሡት ከዱካ ነው። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጉልበቷ ለካሜራው አይታይም። ልጆቻችን በጥናቱ ውስጥ ከሌሉበት፣ ለሌሎች በተበጀ መለኪያ ይመዘናሉ።

ስለዚህ ተመራማሪዎች «ልጆቻችሁን እንቅረጽ» ብለው ሲመጡ ማኅበራችን በሩን እንዳይዘጋ፣ ዝም ብሎም እንዳይከፍት እንጠይቃለን። ጉባኤው እንዲያጸድቅልን የምናቀርባቸው ሦስት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ስምምነቱ በምንረዳው ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማትችል እናት ይነበብላት። «አልፈልግም» ያለች እናት የልጇ ሕክምና አይቋረጥባት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል፤ የልጅ አረማመድ የተቀረጸበት ቪዲዮም የጤና መረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ለእናቲቱም ለባለሙያዋም ይነገር። ልጃችንን ቀርጾ የሄደ ሁሉ ምን እንዳገኘ ተመልሶ ሊነግረን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ልኬቱ ሕክምናውን አይተካ። ስልኩ የጉልበትን መታጠፍ ይለካል እንጂ የደረቀ ጅማት አያፍታታም። ያን የሚያደርጉት የባለሙያዋና የእኛ እጆች ናቸው።

የምትደግፉን ወዳጆቻችን ይህን ሦስተኛውን ነጥብ እንድትይዙልን እንለምናለን። ለስልክና ለካሜራ የሚሰጥ ድጋፍ ያስደስተናል፤ ነገር ግን የባለሙያዋ ደመወዝና የእናቶች የትራንስፖርት ወጪ ከጎኑ ካልተያዘ፣ ልጆቻችን በየወሩ እየተለኩ ባሉበት ይቀራሉ። እኛ የምንፈልገው የሚቀጥለው ልኬት ካለፈው ተሽሎ እንዲገኝ ነው።