የሩቅ ምስክር፦ ዓለም አቀፍ ጋዜጠኝነትና የኢትዮጵያውያን ሰብዓዊ መብት

በባልድዊን ሂልስ፣ ሎስ አንጀለስ የቀረበ ንግግር (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)



ከባልድዊን ሂልስ በስተሰሜን በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘውን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። በዚህ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የወገኖቹን ደኅንነት የሚያውቀው በስልክ፣ በኢንተርኔትና በዜና ነው። ስልኩና ኢንተርኔቱ ሲቋረጡ ተስፋው ጋዜጠኛው ላይ ይወድቃል።

ይሁንና ዜና ብቻውን ሰው አያድንም። የሚያድነው በጊዜው የደረሰ፣ የተጣራና ተጠያቂነትን የሚሻ አካል እጅ የገባ ዜና ነው። በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለብሪታንያ ሕዝብ ሲያሳይ፣ ብዙዎች አስቀድመው አልቀው ነበር። ፊልሙ ዕርዳታ አስገኘ፤ በመስከረም 1974 ደግሞ ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አዳብሎ በንጉሠ ነገሥቱ መውረድ ዋዜማ በቴሌቪዥን አሳየው። ያው ደርግ በ1984 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር የሰሜኑን ረሃብ ሸፈነ። የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ ከኮረም የተሰራጨው ከበዓሉ በኋላ፣ በጥቅምት ነበር።

መንግሥታት ይለወጣሉ፤ ምስክርን የመፍራት ልማድ ግን አልተለወጠም። በ2010 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ታፈነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳሰሉት። በትግራይ ጦርነት ወቅት የኒውዮርክ ታይምሱ ሳይመን ማርክስ በ2021፣ የዘ ኢኮኖሚስቱ ቶም ጋርድነር በ2022 ከአገር ተባረሩ።

ምስክርነት ሲደርስ ግን ውጤት አለው። ጥር 2024 በአማራ ክልል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት የመርዓዊ ግድያ ወሬ ወጣ። በቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ የአሜሪካ አምባሳደር ገለልተኛ ምርመራ እንዲካሄድ ጠየቁ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት ኃይሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ፍትሕ ገና ቢቀርም፣ ክህደት አስቸጋሪ ሆኗል።

በዚህ መካከል ማርች 14 ቀን 2025 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅን የሚያስተዳድረው ተቋም ሕግ ከሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን እንዳያልፍ አዘዘ። በማግስቱ ሠራተኞቹ ከሥራ ታገዱ፤ የአማርኛው ዝግጅትም ተቋረጠ። አዲስ አበባ በ2010 በማፈን የሞከረችውን ዋሽንግተን በአንድ ፊርማ ፈጸመችው።

ስለዚህ ከሕግ አውጪዎች ረዳቶች ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ በዓመታዊው በጀት ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለትግርኛ ሥርጭቶች ገንዘብ በስም ተለይቶ እንዲመደብ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ስለ ኢትዮጵያ በሚካሄድ የምክር ቤት ችሎት ሁሉ የኢንተርኔት መዘጋትንና የጋዜጠኞችን እስር መጠየቅ። ሦስተኛ፣ ከውጭ ዘጋቢዎች ጋር የሚሠሩ የአገር ቤት ጋዜጠኞችና አስተርጓሚዎች በአደጋ ጊዜ ፈጣን ጥበቃ የሚያገኙበትን መንገድ መክፈት፤ የውጭው ሲባረር እነርሱ የሚቀሩት ለእስርና ለጥይት ነውና።

የመብት ተሟጋቾችም ድርሻ አላቸው። የተነሣበት ቦታና ቀን ያልታወቀ ምስል ማሰራጨት ለካጂ መሣሪያ ማቀበል ነው። ምክር ቤቱ በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ውሳኔ ቁጥር 128ን ያጸደቀው ማኅበረሰቡ የተጣራ ማስረጃ ይዞ የተወካዮቹን ደጅ ደጋግሞ ስላንኳኳ ጭምር ነው። ያ ደጅ ዛሬም መንኳኳት አለበት።