ከፋሽን ፎቶግራፍ አንሺ ምን ይወረሳል?
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በወላይታ ሶዶ የሚማር አንድ ወጣት ለመመረቂያ ሥራው ዱንጉዛን በፎቶግራፍ ለማሳየት ቢያስብ፣ አስቀድሞ አርአያ መፈለጉ አይቀርም። መምህሩ የአሜሪካዊውን የኧርቪንግ ፔንን ሥራዎች ቢያሳየው ምርጫው መልካም ነው። ከባዱ ጥያቄ ከፔን ምን ይወሰዳል፣ ምንስ ይተዋል የሚለው ነው።

ፔን (እ.ኤ.አ. 1917–2009) ቮግ ለተባለው የፋሽን መጽሔት ረጅም ዘመን የሠራ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ወደ ፔሩ በሄደ ጊዜ፣ በኩስኮ ከተማ የአንድን ፎቶግራፍ አንሺ ስቱዲዮ ተከራይቶ የአካባቢውን ሰዎች በየዕለት ልብሳቸው አነሣ። ከፍለው ሊነሡ ለመጡትም እርሱ ራሱ ከፈላቸው። ኋላም በ1967 ወደ ዳሆሜ (ወደ ዛሬዋ ቤኒን)፣ በ1970 ወደ ኒው ጊኒ፣ በ1971 ወደ ሞሮኮ ሲጓዝ ተጣጣፊ ድንኳን ይዞ በየሄደበት ስቱዲዮ አደረገው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ባዶ መጋረጃ፣ ከአንድ ወገን የሚገባ ለስላሳ ብርሃን፣ እርጋታ ያለው አቋም። ገበያውና ተራራው ሲወገዱ ዐይን በሰውየውና በልብሱ ላይ ብቻ ያርፋል። ይህ ለዱንጉዛ የሚስማማ ዘዴ ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮች ሳይመረመሩ ሊወሰዱ አይገባም።

አንደኛው ብርሃኑ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ሠዓልያንም ሆኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሰሜን መስኮት ይመርጣሉ። ሶዶ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች። መጽሐፉን አምኖ የሰሜኑን መስኮት የከፈተ ተማሪ በእነዚህ ወራት ፀሐይዋን ራሷን ሊያስገባ ይችላል። የጊፋታ በዓል በሚውልበት በመስከረም ደግሞ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ስለምትሆን፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዐይኖች በጥላ ይዋጣሉ። መፍትሔው ሰፊ የቤት ክፈፍ ጥላ ወይም ከላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ነው።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። እነዚያ የፔን ሥዕሎች በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው። ዱንጉዛ ግን በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር መስመሮቹ የሚታወቅ ልብስ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ይቀራረባል፤ በቀይ ማጣሪያ ሲነሣ ደግሞ ቀዩ ነጥቶ ከቢጫው ጋር ይመሳሰላል። ሦስቱን በግልጽ ለይቶ የሚያሳየው ባለቀለሙ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊቷ አይዳ ሙሉነህ የቅርብ አርአያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ እጦት በአፋር፣ በዳሎል ባነሣቻቸው ፎቶግራፎች፣ የተቀቡ ፊቶችንና ደማቅ ቀለሞችን በፋሽን ሥዕል አቀማመጥ አቅርባ ውኃ የመቅዳትን ሸክም የተሸከሙትን ሴቶች አሳይታለች። በዚያ ሥራ ቀለሙ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመልእክቱ አካል ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ስም ነው። የኩስኮ ሰዎች በዓለም ቤተ መዘክሮች ሲታዩ በሥዕሎቹ ግርጌ የሚነበበው የፔን ስም እንጂ የእነርሱ አይደለም። በአገራችን ደግሞ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ልብሱን በደስታ የለበሰው ሕዝብ የእጁን ባለቤት ሳያከብር ቆይቷል። ተማሪው የፔንን መጋረጃ ተውሶ የፔንን ዝምታም ቢወርስ፣ ያው ንቀት በሚያምር ሥዕል ይደገማል።

ስለዚህ ተማሪው ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ከሸማኔው ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ድሩና ማጉ እንዴት እንደሚገናኙ ይመልከት፤ ለሥዕሉም ፈቃድ ይጠይቅ። ሸማኔው ከፈቀደ ስሙ በሥዕሉ ግርጌ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂም ለእርሱ ይሰጥ። መምህራንም ውጤት ሲሰጡ የብርሃኑን ጥራት እንደሚመዝኑ ሁሉ ይህንንም ይመዝኑ። ፔን ተነሺዎቹን ከፍሏቸዋል፤ ከእርሱ የሚማር ትውልድ ደግሞ ስማቸውን ሊጨምርላቸው ይገባል።