88 ከ88 ጋር ሲደመር



ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ አዲ አርቃይ ከመድረሱ በፊት ዛሪማን ያገኛል። እንዲህ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ የናፍጣ ወፍጮ ባለውለታ ነው፤ ሴቶችን ከመጅ ድካም አሳርፏልና ጩኸቱን የሚከስ ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ባለወፍጮ ገበያው ደርቶለት በዚያው ቤት ሁለተኛ ወፍጮ ልትከል ቢል፣ መሐንዲስ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይነሣል። እያንዳንዱ ወፍጮ ለብቻው ሲሠራ በሠራተኛው ጆሮ አጠገብ 88 ዴሲቤል ቢለካ፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ስንት ይሆናል?

ችኩል ሰው 176 ይላል። ስሕተቱ የሚመነጨው ዴሲቤልን እንደ ኪሎና እንደ ሜትር ከመቁጠር ነው። ዴሲቤል የንጽጽር ቁጥር፣ ያውም በሎጋሪዝም የተጻፈ ነው። መነሻው ጤናማ ጆሮ ለመስማት ጥቂት የሚበቃው ግፊት፣ ማለት 20 ማይክሮፓስካል ሲሆን፣ ግፊቱ በአሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር 20 ዴሲቤል ይጨመራል። በዚህ መሠረት 88 ዴሲቤል ማለት ግማሽ ፓስካል ያህል ግፊት ነው።

ሁለቱ ሞተሮች በየራሳቸው ምት ስለሚሄዱ የአንዱ የግፊት ሞገድ ሲነሣ የሌላው አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። ስለሆነም የሚደመረው ግፊቱ ሳይሆን ኃይሉ ነው፤ ኃይሉም የግፊቱን ካሬ ይከተላል። ኃይሉ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ በ1.41 ብቻ ተባዝቶ ወደ 0.71 ፓስካል ይደርሳል፤ ይህም 91 ዴሲቤል ነው። አሥር እኩል ወፍጮዎች ቢሆኑ 98 ይሆናል። 176 ለመድረስ ግን 630 ሚሊዮን ያህል ወፍጮዎች ያስፈልጉ ነበር።

ከአንድ ማጉያ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚቀበሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ከሁለቱም እኩል ርቆ ለቆመ ሰው ሞገዶቹ አብረው ተነሥተው አብረው ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ግፊቱ ራሱ ይደመራል፤ ግማሽና ግማሽ አንድ ፓስካል፣ ማለትም 94 ዴሲቤል ይሆናል። ጥቂት ፈቀቅ ብሎ አንዱ ሞገድ ሲነሣ ሌላው በሚወድቅበት ስፍራ ለቆመው ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል።

እንግዲህ ከሁለተኛው ወፍጮ የመጣው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ከሆነ ምን ያሳስባል? ጆሮ ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውምና አደጋው እዚሁ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት፣ በጆሮ ስሜት በተመዘነ ልኬት 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። በአንድ ወፍጮ 4 ሰዓት ሊቆም ይችል የነበረው ሠራተኛ በሁለት ወፍጮ 2 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ይኸው ስሌት መፍትሔውንም ያመለክታል። 88 ከ78 ጋር ሲደመር 88.4 ነው፤ ደካማው ምንጭ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ የጭስ ማውጫው ከሁሉ በላይ የሚጮህ ከሆነ የቺንጋውን መከለያ ማሳመር ከንቱ ድካም ነው፤ አስቀድሞ ደኅና ማርሚታ ይገጠምለት። ሞተሩ ከግድግዳ ውጭ ይተከል፤ ሠራተኞች ይፈራረቁ፤ ጆሮም ይሸፈን።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የድምፅ ልክ በደረጃ እንዲወሰን ያዛል። ደረጃው በወረቀት ላይ እንዳይቀር ግን፣ ሁለተኛው ወፍጮ ከመተከሉ በፊት ቁጥሮቹን በትክክል የሚደምር ባለሙያ መገኘት አለበት።