ሚዛኑ ሲጨምር፣ ልጁ ሲከሳ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ የምታነሣብኝ ኪሎዋን ነው። መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ሚዛን አላት፤ ጠዋት ጠዋት ትወጣበታለች፤ ቁጥሩ ካልወረደ ቀኑን ሙሉ ይከፋታል። እኔ እስቅባታለሁ። እዚህ ዋግ ኪሎው የወረደ ሰው «ምን ነካው?» ይባላል እንጂ እንኳን ደስ አለህ አይባልም። ሆኖም የልጄ ኪሎ ሲወርድ ደስ ሊለኝ የሚገባበት አንድ ሳምንት ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው።

ድርቁ በጠናበት በ2008 ዓ.ም. ትንሹ ልጄ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። በየወሩ እወስደዋለሁ፤ ያ የምታውቁት ተንጠልጥሎ የሚመዝነው ክብ ሚዛን ላይ ይሰቀላል። አንድ ወር 8 ኪሎ ከ100 ግራም፣ በሚቀጥለው 8 ኪሎ ከ400። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የመዘነውም ሰው ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈና ሸኘን፤ እግሩን አላየም።

አማቴ ግን አዩ። «እጁ ላይ ያሰርሽለት ክር ላልቶ ወደ ክርኑ ይንሸራተታል፤ ጫማው ደግሞ አልገባ ብሏል። ይሄ ምን ዓይነት መወፈር ነው?» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን በእግሩ ላይ ጫን አድርገው ትንሽ ቆዩና ሲያነሡት ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ቀረ። ሌላኛውም እግሩ እንዲሁ። ሚዛኑ የቆጠረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ኖሯል።

ሆስፒታል ተኛን። በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ የሕክምና ወተት ይሰጡታል። በሳምንቱ ሲመዘን 7 ኪሎ ተኩል ሆነ። አለቀስኩ፤ ገደሉብኝ አልኩ። ነርሷ እግሩን ገልጣ አሳየችኝና «ውኃው እየወጣ ነው እኮ፤ መዳኑ ነው» አለችኝ። ለማመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ያመንኩትም ወተቱን ጨርሶ ኩባያውን አልለቅም ብሎ ሲታገለኝ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ይጣል እያልኩ አይደለም። ልጁ ከመሰቀሉ በፊት ቀስቱ ዜሮ ላይ መሆኑን ግን እዩ፤ ጋቢና ሹራብ አውልቁለት። የሚሰቀለው ሚዛን ከሌለ ልጁን ታቅፋችሁ ትልቁ ላይ ውጡ፤ ቀጥሎ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ።

ሚዛን በሌለበት የክንድ መለኪያው ሪባን አለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ሕፃን በዚህ አትፍረዱ። ግራ ክንዱን ዘና አድርጋችሁ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ክርኑ ያለውን መሐል ፈልጉ። ሪባኑ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጨምድደው። አረንጓዴ ከሆነ ደኅና ነው። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ቢጫ ነው፤ ከ11.5 ካነሰ ቀይ ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ። እግሩ ካበጠ ግን ሪባኑ አረንጓዴ ቢያሳይም አትጠብቁ።

ቁመት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በ2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት ነው። የቀነጨረ ልጅ ክንዱ ሙሉ ሊመስል ይችላል፤ ሪባኑም ሚዛኑም አይነግሯችሁም። በመለኪያ ሰሌዳ ቁመቱን ማስለካት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የማይወደድ ቢሆንም። ለልጁ የተሰጠውን ፕላምፒ ናት ለወንድሞቹ የምናካፍል አለን። እኔም አካፍያለሁ፤ ሌላው ልጅ እያየ እንዴት ብቻውን ላጉርሰው? ግን ያ መድኃኒት ነው፣ ካካፈልነው የታመመው አይነሣም። ለሌሎቹ ንፍሮም ቢሆን አስቀድማችሁ ስጡና እሱን ለብቻው ወስዳችሁ አብሉት።

እኛስ? ቤተ ሰብ ከበላ በኋላ ድስት የምንጠርግ እኛው ነን። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ክንዷ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ እሷም ታክማለች። ቀበቶዋን የምታጠብቅ ሴት ስታዩ «ቀጠነች፣ አማረባት» አትበሉ፤ ጠይቋት።

የእኔ ልጅ አሁን ፍየል ይጠብቃል፣ ትምህርት ቤትም ይሄዳል፤ ጫማ ግን እስካሁን አይወድም። ሪባን ይዤ መጥቻለሁ። ልጅ ያዘላችሁ ወደ ዛፉ ጥላ ኑና ተራ በተራ እናስለካ፤ ነፍሰ ጡሮችም እንዳትሄዱ።