ርዕስ ያልተጻፈበት ሽፋን

የሙዚቃ መጽሔቶች መደርደሪያ ላይ ሲደራረቡ ብዙ ጊዜ የሚታየው ላይኛው ጠርዛቸው ብቻ ነው። ስማቸው ከአናት በጉልህ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ከስሙ ሥር ገዢውን ትክ ብሎ የሚያይ ዘፋኝ ይቀመጣል፤ የሚያየንን ሰው ዝም ብለን ማለፍ ይከብደናልና። ቀሪውን ቦታ ርዕሶች ይሞሉታል።

እጅግ የተወደሰው የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ግን ይህን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ፎቶግራፍ አንሺዋ አኒ ሊቦቪትስ ዘፋኙን ጆን ሌነንንና ባለቤቱን ዮኮ ኦኖን ኒው ዮርክ በሚገኘው መኖሪያቸው ፎቶ አነሳቻቸው። እሷ ልብሷን እንደለበሰች ጋደም ብላለች፤ እሱ ራቁቱን፣ እንደ ሕፃን ተኮራምቶ አቅፎ ይስማታል። ከሰዓታት በኋላ እዚያው ሕንፃ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ።

የሙዚቃ መጽሔቱ «ሮሊንግ ስቶን» ፎቶውን በጃንዋሪ 22 ቀን 1981 እትሙ ሲያወጣ አንድም ርዕስ አልጻፈበትም። አንባቢው ሐዘን ላይ ነበር፤ ምን ይጨመርለታል? እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጆች ማኅበር ካለፉት 40 ዓመታት ሽፋኖች አንደኛ አድርጎ መረጠው።

እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የዮኮ ዓይን ነው። ወደ ገዢው አያይም፤ ወደ ሌነንም አያይም።