በአዋጅ የሮጠ፣ አዋጁ ሲነሳ ይቀመጣል!

(አንድ የአዲስ አበባ የሰፈር የሩጫ ቡድን የዘጠኝ ሳምንት የጀማሪዎች ልምምዱን ከጨረሰ ከአንድ ወር በኋላ "ወኔያችን የት ገባ?" በሚል ርእስ በጠራው ስብሰባ ላይ፣ የጋዜጣችን ተባባሪ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)

"ወኔያችን የት ገባ?" ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። እኔ ግን መልስ የምሰጠው ጥያቄውን ራሱን በመቃወም ነው። (የተቃዋሚ ጋዜጣ ጸሐፊ ስትጋብዙ ይህን መጠበቅ ነበረባችሁ!) ወኔያችሁ የትም አልገባም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። የጠፋው አዛዣችሁ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የጨረሳችሁት ልምምድ እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው፣ "ካውች ቱ ፋይቭ ኬ" የሚባለው ነው። "ከሶፋ ተነስቶ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር" እንደ ማለት ነው። ሶፋ የሌለው ከዱካው ይነሳ፤ ለውጥ የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለዘጠኝ ሳምንት። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ከዚያ 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ እንዲህ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ። በአምስተኛው ሳምንት የመጨረሻ ቀን 20 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ። በዘጠነኛው ሳምንት 30 ደቂቃ። አለቀ!

ፕሮግራሙን አልነቅፈውም። ብዙ ሰው ከተቀመጠበት አስነስቷል። ግን ልብ በሉ! በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታት እናንተ የወሰናችሁት ምን ነበር? ማክሰኞ ውጣ ያለው ወረቀቱ ነው። አሁን ሩጥ፣ አሁን ተራመድ ያለው ወረቀቱ ነው። "ካለፈው ሳምንት የዛሬው ይበልጣል፣ አድገሃል" ብሎ ያጨበጨበላችሁም ያው ወረቀት ነው። እናንተ ታዘዛችሁ። ዘጠነኛው ሳምንት ሲያልቅ ወረቀቱ ዝም አለ፤ የሚያዝ ጠፋ። ታዛዡም ቁጭ አለ!

ሌላ ምሥጢር የለውም። በአዋጅ የሮጠ፣ አዋጁ ሲነሳ ይቀመጣል።

ዘመቻ እንወዳለን፣ ጥገና እንጠላለን

ይህ በሽታ የሯጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገራዊ ነው። እኛ ዘመቻ እንወዳለን። የመሠረት ድንጋይ መጣል እንወዳለን። ሪባን መቁረጥማ ነፍሳችን ነው! ከምረቃው ማግስት ያለውን ሥራ ግን ማን ይወደዋል? የፈነዳውን ቧንቧ የሚጠግነው፣ የተቃጠለውን አምፑል የሚቀይረው፣ በዘመቻ የተተከለውን ችግኝ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ለጥገና ከበሮ አይመታም። ቴሌቪዥንም አይመጣም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስታውሱ፤ ያልደረሳችሁበት ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ስለ ደርግ ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን፣ ዘመቻው ትልቅ ሥራ እንደ ነበረና ከዩኔስኮም ሽልማት እንዳስገኘ አይካድም። ስንት ገበሬና ስንት የቤት እመቤት ፊደል ቆጠረ፣ ስሙን ጻፈ። ነገር ግን ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚነበብ ነገር መንደራቸው ያልደረሰላቸው ሰዎች የቆጠሩትን ፊደል መልሰው ረሱት። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያነቡት ስላጡ ነው። ፊደል ያለ ንባብ ይጠፋል። እግርም ያለ ሩጫ እንዲሁ።

በስንት ጊዜ ይጠፋል ካላችሁ እነግራችኋለሁ። ልምምድ ያቆመ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የደሙ ፈሳሽ ክፍል መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ልቡ ለዚያው ለለመደው ሥራ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲሆነው ዳገት ላይ በደንብ ይታወቀዋል። ወር አርፎ የወጣ ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ "ድሮም እኔ ሯጭ አልነበርኩም" ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ውሸት ነው! ሯጭ ነበርክ፤ ወር አረፍክ፤ ሰውነትህ ሂሳቡን ነገረህ። በቃ።

"ቀጥሎስ?" የሚሉት መዘዝ

ሁለተኛው ወኔ ገዳይ ዘመድ ወዳጅ ነው። ሰው ባገባ በማግስቱ "ልጅስ?" እንደሚሉት፣ አምስት ኪሎ ሜትር የሮጠውን ሰው "አሥሩስ? ማራቶኑስ መቼ ነው?" ይሉታል። ምስኪኑ ሯጭም አሥር ኪሎ ሜትር መሮጥ ካልቻለ የሮጠው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። መጨመር ያቅተዋል፤ መጨመር ሲያቅተው ጭራሹን ያቆማል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሩጫ ከጠንካራው ወገን ነው። እናንተ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአንዱ 30 ደቂቃ ትሮጡ ነበር። ሦስት ጊዜ 30 ስንት ነው? 90! ከ75 በላይ ነው።

ገባችሁ? የሮጣችሁት ለጤና ከነበረ ደርሳችኋል! ከእንግዲህ ግዴታችሁ መጨመር አይደለም፤ አለማቆም ነው። ደም ግፊትና ስኳር በየቤቱ ገብተው በተቀመጡበት ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። መጨመር የፈለገ ይጨምር፤ መብቱ ነው። ያልፈለገ ግን በሠላሳ ደቂቃው አንገቱን ቀና አድርጎ ይኑር።

የጀግኖችም ወኔ ይጠፋል

"ወኔ የሚጠፋው ከእኛ ከተራዎቹ ነው" እንዳትሉኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣ። ያን ዕለት ለጋዜጠኞች ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ፤ ከውድድር የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ በክፉ ቀን ትልቅ ውሳኔ አይወሰንም።

ደራርቱ ቱሉን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። በ1996 አትላንታ አራተኛ ወጣች። በመካከሉ ወለደች። በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት እንደገና ወርቅ! በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከባርሴሎና እስከ ኒው ዮርክ 17 ዓመት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ወኔዋ እየቀሰቀሳት የተነሳች ይመስላችኋል?

ወኔ እንደ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ባለሙያ የቤት እመቤት ውሃው ሲጠፋ አታለቅስም፤ ሲመጣ በጀሪካን ትሞላለች። እናንተም የሚያስፈልጋችሁ ጀሪካን ነው። ወኔ ባለበት ቀን የሚጻፍ፣ ወኔ በሌለበት ቀን የሚሠራ ደንብ!

የራሳችሁ ሕገ መንግሥት

እንግዲህ አዛዡ ከሄደ ራስን በራስ ማስተዳደር ነው። ለዚህ ደግሞ ሕገ መንግሥት ያስፈልጋል። (ወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እኔን አታናግሩኝ።) አምስት አንቀጾች አቀርባለሁ።

አንቀጽ 1፦ ቀኑ የተቆረጠ ይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰዓቱም የታወቀ። "ሲመቸኝ" የሚባል ቀን በዘመን መቁጠሪያ ላይ የለም። ቱታና ጫማ ማታውኑ ይዘጋጁ። ጠዋት ከአልጋ ላይ ሆኖ ክርክር አይከፈትም፤ ጉዳዩ ማታ ተወስኗል።

አንቀጽ 2፦ ሩጫው ሶምሶማ ይሁን። እየሮጡ ማውራት ካልተቻለ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ በደቂቃ ሩጡ እንጂ በኪሎ ሜትር አትጨቃጨቁ። ውጭ አገር ያለው ዘመዳችሁ በሠላሳ ደቂቃ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጠ ብላችሁ አትቅኑ፤ እሱን ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አምጡትና እናያለን! ሳምንቱን ሙሉ እየተሯሯጡ መሰቃየት ወኔ ይገድላል።

አንቀጽ 3፦ ጓደኛ ይኑር። እንጦጦ ጫካ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ሄዳችሁ እውነተኞቹን ሯጮች እዩ። በሰልፍ ነው የሚሮጡት፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው የፊተኛውን እግር እያየ ይከተላል። ጎበዞቹ እንኳ ብቻቸውን የማይደፍሩትን እኛ ምን አስደፈረን? ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተደራጁ፤ የቀረውን በሩን አንኳኩበት። ለእህቶቻችን ደግሞ ይህ የወኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን የወጣች ሴት የምትሰማውን ለከፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙዋን ያስቀረው ስንፍና ሳይሆን ይኸው ነው። ወንዶቹ፣ አብሯችሁ የሚሮጠውን ብቻ ሳይሆን ጥግ ቆሞ የሚለክፈውንም ተናገሩት።

አንቀጽ 4፦ ቀጠሮ ይኑር። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር፣ ብዙ የከተማ ሰው ሩጫ የአትሌት ብቻ አለመሆኑን ያየው ያን ጊዜ ነው። ጥሩ ቀጠሮ ነው። ነገር ግን ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቱታ ፍለጋ መሯሯጥ "ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" ነው። ቀጠሮው ከአሥር ሳምንት በላይ ይራቅ፤ ሲያልቅም ቀጣዩ ቀድሞ የተያዘ ይሁን። ውድድር የማይወድ ሰው ሌላ ቀጠሮ ይያዝ፦ በወር አንድ ጊዜ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ዳገት።

አንቀጽ 5፦ የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ። ሰው ይታመማል፣ ሐዘን ይቀመጣል፣ ጾም ይገባል፣ ክረምቱ ይከብዳል። ያን ጊዜ ደንቡ ይቀነሳል እንጂ አይሰረዝም። ሦስቱ ቀን ሁለት ይሁን፣ ሠላሳው ደቂቃ አሥራ አምስት ይሁን። ወር ያረፈ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር የለበትም፤ ወደ አምስተኛው ሳምንት ይመለስና እርምጃ እየቀላቀለ ይነሳ። ደረቱን የሚወጋው፣ ወይም አጥንቱ ላይ የማይለቅ ሕመም ያለው ግን ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ሜዳ አይሂድ። ሕመምን በወኔ ማሸነፍ ጀግንነት አይደለም።

የመንግሥት ዕዳም አለ

ሁሉን ነገር ሯጩ ላይ ብቻ ብጭን ጋዜጠኛ አይደለሁም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረ ስንት የሰፈር ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ ሕንፃ ሆነ? ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ሰው ከውሻ መንጋ፣ ከተከፈተ ቱቦና ከጭስ ጋር እየተጋፋ ነው። "ጤናማ ዜጋ" እያሉ መፈክር ማሰማት ቀላል ነው፤ ዜጋው የሚረግጠውን መሬት መስጠት ግን ሌላ ነው። ቡድናችሁ ሰው ካለው ተሰብስባችሁ ሜዳችን የት ገባ ብላችሁ ወረዳውን ጠይቁ። የጠፋ ወኔ ከመፈለግ የጠፋ ሜዳ መፈለግ ይሻላል። እስኪመልሱላችሁ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚጠብቅ ሰው እግሩ ይዶለዱማል።

በመጨረሻም አንድ ሰው ላንሳና ላብቃ። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የመጨረሻውን መሥመር ሲያልፍ አልወደቀም። ሣሩ ላይ ሄዶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር! ሕዝቡ ጉድ እያለ ያየው ነበር። ለእሱ መሥመሩ የውድድሩ ማለቂያ ነው እንጂ የሥራው ማለቂያ አልነበረም። የእናንተም ዘጠነኛ ሳምንት እንደዚያው ነው። ውድድሩ አልቋል፤ ሥራው ግን አላለቀም።

አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጭብጨባውን ተዉትና አጠገባችሁ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞር በሉ። ሦስቱን ቀኖቻችሁን ንገሩት፤ የእሱንም ጠይቁት። አዋጁን ዛሬ እናንተው አውጁት።